የቢትኮይን ማሽኑ መታወቂያችሁን አልቀበል ሲል፦ ከጎጃም ወጥታችሁ ውጭ ለምትኖሩ ዝርዝር መመሪያ

ከደብረ ማርቆስ፣ ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከቡሬ ወጥተው አሜሪካና ካናዳ የገቡ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። ቢትኮይን የሚባለውን በኢንተርኔት ብቻ የሚንቀሳቀስ ዲጂታል ገንዘብ ለመግዛት ወይም ለመሸጥ፣ ኤቲኤም የሚመስለው የቢትኮይን ማሽን ጋ ይሄዳሉ። ስልክ ቁጥር ያስገባሉ፣ መታወቂያ ያሳያሉ፣ ማሽኑ ይመልሳቸዋል። እንደገና ይሞክራሉ፣ አሁንም ይመልሳቸዋል። ችክ ብለው ሲደጋግሙ መለያቸው ይታገዳል።

ደብረ ማርቆስ ላይ ለተጓዦች ቅጽ እሞላለሁ፣ ሰነድ እተረጉማለሁ። እንዳየሁት አብዛኛው ጣጣ የሚጀምረው ማሽኑ አጠገብ አይደለም። እዚሁ ነው፤ ቀበሌ፣ ትምህርት ቤት፣ ፓስፖርት ማመልከቻ ላይ። ስሙ አንዱ ሰነድ ላይ በአንድ መልክ፣ ሌላው ላይ በሌላ መልክ ይጻፋል። የልደት ቀኑ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲዞር ይዛባል። ስለዚህ ከመመሪያው ትልቁ ክፍል ዝግጅት ነው። እሱን ዘላችሁ ወደ ማሽኑ አትሂዱ።

ሳትጀምሩ ይህን እወቁ

ይህ መመሪያ ማሽኑ በሕግ በሚሠራበት አገር ለሚኖር ሰው ነው። ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን የለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም በሰኔ 2014 ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር ብቻ እንደሆነና በክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ባሉ ዲጂታል ገንዘቦች) መክፈልም ሆነ ገንዘብ ማስተላለፍ እንዳልተፈቀደ አስታውቋል። “ባሕር ዳር ማሽን እየገባ ነው፣ መታወቂያህን ላክልኝና ላስመዝግብህ” የሚላችሁ ሰው ካለ መታወቂያችሁን ሊዘርፍ ነው። አትላኩለት።

እንግሊዝ ያላችሁም ተጠንቀቁ። የአገሪቱ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2022 አገር ውስጥ የሚሠሩትን የክሪፕቶ ማሽኖች በሙሉ ያለ ፈቃድ የሚሠሩ ናቸው ብሎ እንዲዘጉ አዟል። ሱቅ ጥግ የቆመ ማሽን ብታገኙ መታወቂያችሁን አትስጡት።

ሌላው ዋጋው ነው። የእነዚህ ማሽኖች ክፍያ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይደርሳል፣ ከዚያም የሚያልፍ አለ። በ15 በመቶ ብናስበው 500 ዶላር ስታስገቡ 75 ዶላሩ እዚያው ይቀራል። ቤተሰብ ጋ ገንዘብ ለመላክ ብላችሁ ይህን መንገድ አትምረጡ። እናታችሁ ደምበጫ ሆነው ቢትኮይኑን በሕጋዊ መንገድ የሚመነዝሩበት ቦታ የለም። በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው የሐዋላ ድርጅት ላኩላቸው።

ደረጃ 1፦ ስማችሁን አንድ አድርጉ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ጊዜ ስጡት።

የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። የማሽኑ ቅጽ ግን “ፈርስት ኔም” እና “ላስት ኔም” ብሎ ይጠይቃል። ላስት ኔም የአባት ይሁን የአያት ብላችሁ በራሳችሁ አትወስኑ። የምታሳዩት ሰነድ አስቀድሞ ወስኖላችኋል፤ እሱን ገልብጡ።

1. ፓስፖርት የምታሳዩ ከሆነ የፎቶውን ገጽ ክፈቱ። ግርጌው ላይ ሁለት ረጃጅም የፊደልና የቁጥር መስመሮች አሉ። ማሽኑ የሚያነበው እነሱን ነው።
2. የመጀመሪያውን መስመር ተመልከቱ። ከሦስቱ የአገር ፊደላት ቀጥሎ ያለው ስም እንደ ላስት ኔም ይያዛል። ከዚያ ሁለት “ያንሳል” የሚመስሉ ምልክቶች አሉ። ከእነሱ ወዲያ ያለው የራስ ስም ተብሎ ይነበባል፤ ሁለት ስም ከሆነም ሁለቱም።
3. ቅጹን በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያው ፊደል ሙሉ። አንድ ፊደል አትጨምሩ፣ አትቀንሱ።
4. የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ወይም የስቴት መታወቂያ የምታሳዩ ከሆነ ፓስፖርቱን እርሱት። መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለውን ብቻ ገልብጡ።

ጥምር ስም ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። ኃይለ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ወልደ ጊዮርጊስ በአንዱ ሰነድ ተያይዞ፣ በሌላው ተነጣጥሎ ይጻፋል። ለእኛ ያው ስም ነው። ለኮምፒውተር ግን “ኃይለ” አንድ ሰው፣ “ኃይለማርያም” ሌላ ሰው ነው። ሰነዱ ላይ ክፍተት ካለ ክፍተቱን ጻፉ፣ ከሌለ አያይዙ።

የፊደል ምርጫም እንዲሁ ነው። ተሰማ በአንድ “ኤስ” ነው በሁለት? ሙሉቀን በ“ኬ” ነው በ“ኪው”? የለመዳችሁትን ሳይሆን ካርዱ ላይ ያለውን ተከተሉ። የቤት ስምና የክርስትና ስም ደግሞ የትም አታስገቡ። ጎረቤት ሁሉ “አባይነህ” ብሎ ቢጠራችሁም ፓስፖርቱ “ይበልጣል” ካለ ማሽኑ ፊት ይበልጣል ናችሁ።

ሁለት ሰነዶቻችሁ ከተለያዩ

አሜሪካ ካላችሁ መጀመሪያ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን፣ ቀጥሎ መንጃ ፈቃዱን አስተካክሉ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት፤ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ስማችሁን ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። እስኪስተካከል ማሽኑን አትሞክሩ።

ገና ጎጃም ሆናችሁ ለጉዞ የምትዘጋጁ ዕድለኞች ናችሁ። ፓስፖርት ከማመልከታችሁ በፊት የልደት ሰርተፍኬቱን፣ የትምህርት ማስረጃውንና ፋይዳውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ በሦስቱም ላይ አንድ መሆኑን በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። ልዩነት ካለ አሁን አስተካክሉ። እዚህ የቀበሌ ምልልስ የሆነው ነገር ውጭ ከወጣችሁ በኋላ ውክልና፣ ኤምባሲና የወራት ጥበቃ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ የልደት ቀናችሁን በትክክል አዙሩ

“7 ዓመት ደምር” የሚለው ምክር ግማሹን ሰው ያሳስታል። ከመስከረም መግቢያ እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የተወለደ 7 ይደምራል። ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን የተወለደ 8 ይደምራል። ቀኑና ወሩም አብረው ይለወጣሉ።

ጥቅምት 5 ቀን 1985 የተወለደ ሰው በእነሱ አቆጣጠር ኦክቶበር 15 ቀን 1992 ነው። ጥር 12 ቀን 1985 የተወለደ ግን ጃንዋሪ 20 ቀን 1993 ነው። ሁለቱም የ1985 ልጆች ናቸው፤ በፈረንጁ ግን ዓመታቸው ይለያያል።

ትእዛዙ አጭር ነው። ማሽኑ ላይ ራሳችሁ አታስሉ። መታወቂያው ላይ የታተመውን ቀን ገልብጡ። በስደት ሂደት የገባችሁና ቀናችሁ “ጃንዋሪ 1” ተብሎ የተመዘገበባችሁ ብዙዎች አላችሁ። እውነተኛው ቀን እሱ ባይሆንም ሰነዱ እስካልተለወጠ ድረስ ማሽኑ ላይ የምትጽፉት እሱን ነው።

የአጻጻፍ ቅደም ተከተሉንም እዩ። አሜሪካ ወር ይቀድማል፣ አውሮፓ ቀን ይቀድማል። ኤፕሪል 3 የተወለደ ሰው ማርች 4 ብሎ ሞልቶ “ማንነትዎ አልተረጋገጠም” ሊባል ይችላል።

ደረጃ 3፦ የምትይዙትን አሟሉ

መታወቂያ። ዋናውን ያዙ። ፎቶ ኮፒ፣ ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ፣ ጊዜያዊ የወረቀት መንጃ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። የቀበሌ መታወቂያና የአገር ቤት መንጃ ፈቃድ ውጭ ላለ ማሽን አታቅርቡ። የፓስፖርታችሁን ማብቂያ ቀን እዩ። አንድ ቀን እንኳ ካለፈው አይነበብም።

ስልክ። በስማችሁ የወጣ፣ የምትኖሩበት አገር ሲም ይሁን። በ251 የሚጀምር ቁጥር አብዛኞቹ ማሽኖች አይቀበሉም። በአፕ የሚገኙ የኢንተርኔት ቁጥሮችም ብዙ ጊዜ ውድቅ ይሆናሉ። የዘመድ ስልክ አትጠቀሙ፤ መለያው በዘመዱ ስም ይከፈታል፣ ቀጥሎ የእናንተ መታወቂያ ሲገባ ይጋጫል።

ዋሌት። የራሳችሁ ዋሌት (ቢትኮይን የሚያዝበት አፕ) ቀድሞ ስልካችሁ ላይ ይጫን። ሲከፈት ዋሌቱን መልሰው የሚያስከፍቱ 12 ወይም 24 የምስጢር ቃላት ይሰጣችኋል። በወረቀት ጻፉ፣ ቤት አስቀምጡ። ማሽኑም ሆነ የድርጅቱ ሠራተኛ እነዚያን ቃላት ፈጽሞ አይጠይቅም። የጠየቀ ሌባ ነው።

አድራሻ። ከአክስት ልጅ ጋር በጋራ ቤት የምትኖሩና የመብራት ክፍያው በስማችሁ ያልሆነ፣ ስማችሁና አድራሻችሁ ያለበትን የባንክ መግለጫ ያዙ። የፖስታ ሣጥን ቁጥር እንደ መኖሪያ አድራሻ አይቆጠርም።

የገንዘቡ ምንጭ። መጠኑ ከፍ ሲል “ገንዘቡ ከየት መጣ?” ትባላላችሁ። ደመወዝ ከሆነ የክፍያ ወረቀት ይበቃል። የእኛን ሰው የሚያስጨንቀው የዕቁብ ገንዘብ ነው። ዕቁብ ጥሬ ገንዘብ ነው፣ ወረቀት የለውም፤ ለማያውቀው ሰው በአንድ ጊዜ የመጣ ብዙ ጥሬ ገንዘብ ያጠራጥራል። አትዋሹ፣ “ስጦታ ነው” አትበሉ። በየወሩ ለዕቁብ ያወጣችሁበትን የባንክ መዝገብ አቅርቡ። የዕቁቡ ዳኛ ወይም ጸሐፊ የአባላቱን ተራና የደረሳችሁን መጠን የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ይስጣችሁ። ከሁሉ የሚሻለው ዕቁቡ ሲደርሳችሁ ገንዘቡን መጀመሪያ ባንክ አስገብታችሁ፣ ከዚያ አውጥታችሁ ከነደረሰኙ መሄድ ነው።

ደረጃ 4፦ ማሽኑንና መጠኑን ምረጡ

በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ሦስት ነገር አጣሩ፦ የትኛውን መታወቂያ ይቀበላል፣ ለየትኛው መጠን ምን ይጠይቃል፣ ማሽኑ ይሸጣል ብቻ ወይስ ከእናንተ ይገዛልም። ብዙዎቹ ማሽኖች ጥሬ ገንዘብ ይቀበላሉ እንጂ አይሰጡም። ይህን ሳያጣሩ ለመሸጥ ሄዶ ባዶ እጁን የሚመለስ ብዙ ነው።

ማረጋገጫው በደረጃ ነው። ለትንሽ መጠን ስልክ ቁጥርና በቴክስት የሚመጣ ኮድ። ከፍ ሲል መታወቂያ ስካን። ከዚያ በላይ ሴልፊ፣ አድራሻ፣ ሥራ፣ አሜሪካ ከሆነ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር። ድንበሩ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። በሕግ የተቀመጡም አሉ። ካናዳ ውስጥ ከ1,000 የካናዳ ዶላር ጀምሮ ማንነት ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ካሊፎርኒያ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ሰው በቀን ከ1,000 ዶላር በላይ አትፈቅድም። በመላው አሜሪካ በቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲንቀሳቀስ ድርጅቱ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል።

ሪፖርት መደረግ ወንጀል አይደለም። ሪፖርቱን ለማምለጥ ብሎ ገንዘቡን መከፋፈል ግን አሜሪካ ውስጥ ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም። “ዛሬ 9,000፣ ነገ 9,000 አስገባ” የሚላችሁን ወዳጅ አትስሙ። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳያችሁ ገና ያላለቀ ከሆነ ይህ ምክር መዘዙ ከገንዘቡ ይከብዳል።

ደረጃ 5፦ ማሽኑ ፊት፣ ስትገዙ

1. በቀን ሂዱ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ሰው ያለበት ሱቅ ምረጡ።
2. “ግዛ” የሚለውን ንኩ። ስልክ ቁጥር አስገቡ። የመጣውን ኮድ ጻፉ። ኮዱን ለማንም አታንብቡ።
3. ማስጠንቀቂያውን አንብቡ። “ዋሌቱ የራስዎ ነው?”፣ “በስልክ የሚያዝዝዎ ሰው አለ?” ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። እውነቱን መልሱ። ዋሌቱ የሌላ ሰው ከሆነ እዚያው አቁሙ።
4. መታወቂያውን ከፕላስቲክ ማቀፊያው አውጡ፣ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ጣታችሁ ጽሑፉን አይሸፍን። የመንጃ ፈቃድ ጀርባ ላይ ያለው ጥቁር የመስመር ኮድ ሙሉ በሙሉ ይታይ።
5. ለሴልፊው ኮፍያና መነጽር አውልቁ። ሻሽ ወይም ነጠላ የምትለብሱ ከግንባር እስከ አገጭ ያለው ፊት ይታይ፣ ጥላ አይጣልበት። ብርሃን ከፊት እንጂ ከኋላ አይሁን።
6. ማረጋገጫው እስኪጸድቅ ጠብቁ። አንዳንዱ በደቂቃዎች ያልቃል፣ አንዳንዱን ሰው አይቶ ነው የሚያጸድቀው። ሳይጸድቅ አንዲት ኖት አታስገቡ።
7. የዋሌታችሁን ኪውአር ኮድ አስነብቡ። ማሽኑ ላይ የወጣውን የዋሌት አድራሻ መጀመሪያና መጨረሻ ፊደላት ከስልካችሁ ጋር አመሳክሩ።
8. መጀመሪያ ማሽኑ የሚፈቅደውን ትንሹን መጠን አስገቡ። ዋሌታችሁ ላይ መታየቱን አረጋግጡና ቀሪውን ቀጥሉ።
9. ደረሰኙን ውሰዱ፣ ወዲያው ፎቶ አንሱት። ወረቀቱ በሙቀት ይደበዝዛል።

ደረጃ 6፦ ስትሸጡ

ማረጋገጫው ያው ነው። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መታወቂያው ከጸደቀ በኋላ ማሽኑ ኪውአር ኮድ ያወጣል። ትክክለኛውን መጠን ወደዚያ አድራሻ ላኩ፤ ከነገራችሁ አንድ ሳንቲም ብታሳንሱ ግብይቱ ሊቆም ይችላል። የመረብ ክፍያው (ቢትኮይኑን ለማስተላለፍ የሚከፈለው) ለብቻው ከዋሌታችሁ እንደሚቀነስ አስቡበት።

ከዚያ መጠበቅ ነው። አንድ የቢትኮይን ብሎክ (ግብይቶች ተጠቃለው የሚመዘገቡበት ጥቅል) በአማካይ 10 ደቂቃ ይወስዳል፣ ማሽኑ ከአንድ በላይ ብሎክ ሊጠብቅ ይችላል። ቴክስት ሲደርሳችሁ በማውጫ ኮዱ ገንዘቡን ተቀበሉ። ኮዱን ይዛችሁ ጓደኛ አትላኩ፤ ገንዘብ ሲወጣ መታወቂያ ደግሞ የሚጠይቅ አለ።

ሲመልሳችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ኮዱ አልመጣም። የአገር ኮዱ ትክክል መሆኑን እዩ። ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ አንዴ ብቻ እንደገና ጠይቁ። ደጋግማችሁ ከጠየቃችሁ የቀደመው ኮድ ይሰረዛል፣ የዘገየውን ስትጽፉ “ስህተት” ይላችኋል።

ሰነዱ አልተነበበም። ቦታ ቀይሩ። የማሽኑ መስታወት ላይ የሚያርፈውን መብራት በሰውነታችሁ ከልሉ። የድርጅቱ አፕ ካለ ቤት ቁጭ ብላችሁ በስልክ ካሜራ ማረጋገጡ ብዙ ጊዜ ይቀላል።

ስሙ ወይም ቀኑ አልተዛመደም። ከሁለተኛ ሙከራ በኋላ አቁሙ። ሦስተኛው አያድናችሁም፣ ያሳግዳችኋል። ወደ ደረጃ 1 ተመለሱና የጻፋችሁትን ከካርዱ ጋር አመሳክሩ። ስህተቱ መለያው ውስጥ ከተመዘገበ አዲስ መለያ አትክፈቱ፤ በአንድ ሰው ስም ሁለት መለያ እንደ ማጭበርበር ይታያል። ለድርጅቱ ደውሉና እርማት ጠይቁ።

ፊቱ አልተዛመደም። የፓስፖርቱ ፎቶ የቆየ ከሆነ፣ ጺም ካደገ ወይም ክብደት ከተለወጠ ይከሰታል። በሰው እንዲታይ ጠይቁ።

ገንዘቡን ዋጠና ቀረ። ማሽኑን አትምቱ፣ ቦታውን ለቃችሁ አትሂዱ። ስክሪኑን፣ ሰዓቱንና ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን መለያ ቁጥር ፎቶ አንሱ። እዚያው ቆማችሁ ማሽኑ ላይ ወዳለው የድርጅቱ ቁጥር ደውሉ። የሱቁ ባለቤት ብዙ ጊዜ ቦታ አከራይ ብቻ ነው፤ ከእሱ ጋር አትጣሉ። ቁጥሩን ከኢንተርኔት ፍለጋ አታውጡ፤ የሐሰት “ደንበኞች አገልግሎት” ቁጥሮች እዚያ ሞልተዋል።

መታወቂያችሁን ለማንም አታውሱ

በእኛ ባህል ዘመድ ሲቸገር “አይሆንም” ማለት ነውር ነው። እዚህ ላይ ግን በሉ። “ወረቀት የለኝም፣ በአንተ መታወቂያ ግዛልኝ” ያለ የአገር ልጅ ገንዘቡን ከየት እንዳመጣው ሕጉ የሚጠይቀው እናንተን ነው። ስሙ የእናንተ፣ ፊቱ የእናንተ፣ ስልኩም የእናንተ ነው። ዘመዱን በሌላ መንገድ እርዱት፤ ከጎኑ ሆናችሁ ሰነዱን አስተካክሉለት።

በስልክ እየታዘዛችሁ ከሆነ

“ከኢሚግሬሽን ነው”፣ “የባንክ ሒሳብህ ተጠልፏል”፣ “ወንድምህ ታስሯል፣ ዋስ ክፈል” ብሎ ወደ ማሽኑ የሚልካችሁ ሁሉ አጭበርባሪ ነው። የትኛውም መሥሪያ ቤት በቢትኮይን ማሽን አያስከፍልም። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በእነዚህ ማሽኖች በኩል ሰዎች ከ110 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጭበርብረዋል፤ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑት ይበልጥ ይጠቃሉ። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሄዱ እናትና አባት ካሏችሁ ይህን ቁጭ ብላችሁ በቃል አስረዷቸው።

ገንዘቡ ከገባ በኋላ ከነቃችሁ እንዲህ አድርጉ፦

1. ስልኩን ዝጉ። ከአጭበርባሪው ጋር አትከራከሩ።
2. ደረሰኙ ላይ ወዳለው የድርጅቱ ቁጥር ደውሉና ግብይቱ እንዲቆም ጠይቁ። ቢትኮይኑ ገና ካልተላከ የመዳን ዕድል አለ።
3. ለፖሊስ አመልክቱ፣ የአቤቱታ ቁጥሩን ተቀበሉ። አሜሪካ ከሆናችሁ ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል ማመልከቻ ክፍልም አስገቡ። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ።
4. የመታወቂያ ቅጂ ልካችሁለት ከሆነ እሱንም አስቡ። ሌላ ሰው በስማችሁ እንዳይበደር የብድር መዝገባችሁን አስቆልፉ፣ የባንክ የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ።
5. በቀጣዮቹ ሳምንታት “ገንዘብህን አስመልስልሃለሁ፣ ቅድሚያ ትንሽ ክፈል” የሚል ሌላ ሰው ይደውላል። ብዙ ጊዜ ያው ቡድን ነው። አንድም ሳንቲም አትክፈሉት።